ኡቡንቱን ከዊንዶውስ ጎን ሲጭኑ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ሐዋሳ ውስጥ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝተው ኡቡንቱ የተባለውን ነጻ ስርዓተ ክወና ከዊንዶውስ ጎን የሚጭኑ ተማሪዎች ችግር ሲገጥማቸው ቶሎ የሚሰጣቸው ምክር «ሙሉ በሙሉ ፎርማት አድርገው» የሚል ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው በቅንብር ላይ እንጂ በፋይሎቹ ላይ ስላልሆነ፣ ያንን ውሳኔ ማዘግየት ይገባል።

ምልክት፦ ኡቡንቱ ተጭኖ ቢያልቅም ኮምፒውተሩ ምርጫ ሳያቀርብ በቀጥታ ዊንዶውስን ይከፍታል።
በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀድሞ በሚሠራው የቅንብር ፕሮግራም) የማስነሻ ቅደም ተከተል ላይ የዊንዶውስ ማስነሻ ቀድሞ ስለተቀመጠ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤፍ 2ን፣ በአንዳንድ ሞዴሎች ደግሞ ኤፍ 10ን ወይም ኢስኬፕን በመጫን ባዮስ ውስጥ ይግቡና «ቡት» በሚለው ክፍል ኡቡንቱን ወደ ላይ ያምጡት። ኡቡንቱ ከዝርዝሩ ጭራሽ ከሌለ፣ ዊንዶውስ በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የማስነሻ ስልት) ተጭኖ ሳለ የኡቡንቱ መጫኛ ያለበት ፍላሽ በአሮጌው በሌጋሲ ስልት ተነስቶ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ በማስነሻ ምናሌው ላይ ዩኢኤፍአይ የሚል ቃል ያለበትን የፍላሹን ስም መርጦ እንደገና መጫን ያስፈልጋል።

ምልክት፦ የኡቡንቱ መጫኛ ሃርድ ዲስኩን አያሳይም።
ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ዲስኩ በኢንቴል አርኤስቲ (በኢንቴል የዲስክ አስተዳደር ስልት) ሥር መዋቀሩ ነው። ቅንብሩን ባዮስ ውስጥ ኤኤችሲአይ ወደሚባለው መደበኛ የዲስክ ስልት በድንገት ከቀየሩት ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ሊቆም ስለሚችል፣ አስቀድመው ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ (መሠረታዊ ነገሮችን ብቻ ይዞ በሚነሳበት ስልት) እንዲነሳ ያዘጋጁት፤ ከለውጡ በኋላ አንድ ጊዜ በሴፍ ሞድ ከተነሳ ወደ መደበኛው ይመልሱት። ዲስኩን በቁልፍ የሚቆልፈው የዊንዶውስ ቢትሎከር ከበራ ደግሞ 48 አሃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁልፍ ሌላ ቦታ ላይ ሳይጽፉ ባዮሱን አይንኩ፤ ይህ ቁልፍ ከጠፋ ፋይሎቹን ማግኘት አይቻልም።

ምልክት፦ የዊንዶውስ ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፍል) ከኡቡንቱ ሲከፈት ይነበባል፣ ነገር ግን አዲስ ፋይል አይቀበልም።
ፋስት ስታርታፕ (የዊንዶውስ ፈጣን መነሻ) ሲበራ ዊንዶውስ «ሸት ዳውን» ቢባልም ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ስለዚህ ኡቡንቱ ፓርቲሽኑን ለንባብ ብቻ ይከፍተዋል። በኮንትሮል ፓነል የኃይል አማራጮች ውስጥ ያጥፉትና ኮምፒውተሩን ዘግተው ያስነሱ።

ምልክት፦ ከኡቡንቱ ሲመለሱ የዊንዶውስ ሰዓት ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ስድስት ይላል።
ኡቡንቱ የኮምፒውተሩን የውስጥ ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይይዘዋል፣ ዊንዶውስ ግን የአካባቢ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል፤ የኢትዮጵያ ሰዓት በሦስት ሰዓት ስለሚቀድም ልዩነቱ ይህን ያህል ይሆናል። ኡቡንቱ የውስጥ ሰዓቱን በአካባቢ ሰዓት እንዲይዝ በተርሚናል (ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) ማዘዝ ይበቃል።

መብራት በድንገት ሊጠፋ ስለሚችል፣ ፓርቲሽን ሲያሳንሱ ባትሪው ሙሉ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ባትሪ በማይዝ ላፕቶፕ ላይ ባክአፕ ሳይወስዱ ሥራውን አይጀምሩ።