ስክሪን ለሚረብሸው ሰው ኮምፒውተሩን እንዲህ አስተካክሉለት

አንድ ቀን ማታ ቤት ስገባ እህቴ የላፕቶፑን ቀኝ ጥግ በብስኩት ካርቶን ሸፍና፣ በፕላስተር ለጥፋ እያነበበች አገኘኋት። "ምንድነው ይሄ?" ስላት፣ "ወንድምዬ፣ እዚያ ጋ የሚዘለው ነገር ራሴን እያዞረኝ ነው" አለችኝ። የሚዘለው ነገር ትንሽ ማስታወቂያ ነበር። እህቴ ሚግሬን የሚባለው ከባድ የራስ ምታት ሕመም አለባት።

እኔ ጅማ ውስጥ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነኝ። ግን ስክሪን አንድን ሰው እንዲህ ሊያሠቃይ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ሚግሬን ብቻ አይደለም። ኦቲዝም ያለበት ሰው ወይም ጭንቅላቱን ተመትቶ ገና በማገገም ላይ ያለ ሰውም ብርሃን፣ ቀለምና እንቅስቃሴ ሊከብደው ይችላል። እባካችሁ "ተለማመጂው" አትበሉ። ልምምድ የሚያድነው ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ያደረግኩት ብራይትነሱን (የስክሪኑን የብርሃን መጠን) መቀነስ ነበር። ባሰባት! ምክንያቱ በኋላ ነው የገባኝ፦ ብዙ ስክሪኖች ብርሃናቸውን የሚቀንሱት በጣም በፍጥነት እየበሩና እየጠፉ ነው። ዓይናችን አይለየውም፣ አንዳንዱ ሰው ግን ይታመምበታል። መሞከሪያው ቀላል ነው። ነጭ ገጽ ክፈቱ፣ ብራይትነሱን ዝቅ አድርጉ፣ ከዚያ የስልካችሁን ካሜራ አስጠግታችሁ ተመልከቱ። ጥቁር ሰረዞች ስክሪኑ ላይ ሲንሸራተቱ ካያችሁ፣ አሁን ደግሞ ብራይትነሱን ከፍ አድርጉት። ሰረዞቹ ከጠፉ ችግሩ እሱ ነው ማለት ነው። የእህቴ ላፕቶፕ ላይ እንደዚያው ሆነ። ስለዚህ ብራይትነሱን ሰረዙ እስከሚጠፋበት ድረስ ከፍ አድርጌ ተውኩትና ብርሃኑን በሌላ መንገድ ቀነስኩ፤ ናይት ላይት (የስክሪኑን ቀለም ሞቅ ወዳለ ቢጫ የሚቀይረውን) አበራሁ፣ የገጹንም ነጭ ጀርባ ወደ ፈዛዛ ግራጫ ቀየርኩ።

ዳርክ ሞድ (ጥቁር ጀርባ ላይ ነጭ ፊደል) ለሁሉም ሰው መድኃኒት አይደለም። በተለይ አስቲግማቲዝም (የዓይን ቅርጽ እኩል አለመሆን የሚያመጣው የማየት ችግር) ያለበት ሰው ጥቁር ላይ ያለ ነጭ ፊደል ሊደበዝዝበት ይችላል። ሰውየውን ጠይቁት፣ ሁለቱንም አሳዩትና እሱ ይምረጥ።

ቀጥሎ እንቅስቃሴውን አስቁሙ። ለእኔ ትልቁ ለውጥ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግ ግቡ፣ አክሰሰቢሊቲ፣ ከዚያ ቪዥዋል ኢፌክትስ የሚለውን ክፈቱና አኒሜሽን ኢፌክትስ እና ትራንስፓረንሲ ኢፌክትስ የሚሉትን አጥፉ። መስኮቶቹ እየተንሸራተቱ መከፈታቸውን ያቆማሉ። ብሮውዘሩም ይህን ምርጫ ለድረ ገጾች ስለሚነግር፣ በደንብ የተሠሩት ገጾች እንቅስቃሴያቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ። ስትጽፉ ብልጭ ድርግም የምትለውን ጠቋሚ መስመር ደግሞ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ኪቦርድ የሚለው ጋ ገብታችሁ ማስቆም ትችላላችሁ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ሰዓታት ለሚጽፍ ሰው ግን ትንሽ አይደለችም።

ለማስታወቂያው ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን ማስታወቂያ ማገጃ ፋየርፎክስ ብሮውዘር ላይ ጫንኩላት። በዚያው በፋየርፎክስ ሴቲንግ ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምር ከለከልኩ። ረጅም ጽሑፍ ስታነብ ኤፍ 9ን ትጫናለች፣ ገጹ ጽሑፍ ብቻ ይሆንላታል። ቴሌግራም ላይም የሚወዛወዙትን ስቲከሮችና ኢሞጂዎች ሴቲንጉ ውስጥ ማስቆም ይቻላል።

ቀለም ራሱ የሚከብደው ሰው ካለ፣ አክሰሰቢሊቲ ውስጥ ከለር ፊልተርስ የሚለው ጋ ግሬይስኬል ምረጡለት፣ ሁሉም ነገር ጥቁርና ነጭ ይሆናል። የኪቦርድ አቋራጩን እዚያው ካበራችሁት ዊንዶውስ፣ ኮንትሮልና ሲ ቁልፎችን አንድ ላይ በመጫን ማብራትና ማጥፋት ይቻላል።

አንድ አደራ፦ ሁሉንም በአንድ ቀን አትቀይሩ። አንዱን ቀይሩና ሁለት ቀን ጠብቁ፣ ካልሆነ የቱ እንደጠቀመ አታውቁም።

ክፍሉንም አትርሱ። ጅማ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ድንገት ስትወጣ፣ የጎረቤት ቆርቆሮ እንዴት እንደሚያንፀባርቅ ታውቃላችሁ። መስኮቱ ከፊት ወይም ከጀርባ ሳይሆን ከጎን እንዲሆን ጠረጴዛውን አዙሩ። የድሮው ባላስት (ኤሌክትሪኩን የሚቆጣጠረው ዕቃ) ያለው ረጅሙ ፍሎረሰንት መብራት ደግሞ በእኛ 50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ፣ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፣ እሱን አጥፍታችሁ ጥሩ ኤልኢዲ አብሩ።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከሆነ ነገሩ ከምቾት ያለፈ ነው። በሰከንድ ከ3 ጊዜ በላይ ብልጭ ድርግም የሚል ነገር አደገኛ ሊሆንበት ስለሚችል ሐኪሙን አማክሩ። ብርሃን ድንገት ዓይኑን ማመም የጀመረው ሰውም ከሴቲንግ በፊት ወደ ሐኪም ይሂድ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል አለው።

ኮምፒውተሩን ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ ደግሞ ለብቻው የዊንዶውስ አካውንት ክፈቱለት፣ አብዛኛው ማስተካከያ ለዚያ ሰው ብቻ ይቀመጥለታል። እኔ ሱቃችን ውስጥ መስኮት ጎን ባለው ኮምፒውተር ላይ "ለዓይን" የሚል አካውንት ከፍቻለሁ። የይለፍ ቃል የለውም፣ የፈለገ ደንበኛ ይገባበታል።