ግሬት ኦሽን ሮድን ሳይሯሯጡ ለማየት፦ አፖሎ ቤይ ላይ ሁለት ሌሊት

በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት፣ ከቶርኪ ተነስቶ አላንስፎርድ አጠገብ የሚያልቀው ግሬት ኦሽን ሮድ 243 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች እ.ኤ.አ. ከ1919 እስከ 1932 ገደሉን በዶማና በአካፋ እየቆረጡ፣ ላልተመለሱት ጓዶቻቸው መታሰቢያ እንዲሆን የሠሩት መንገድ ነው። አብዛኛው ሰው ከሜልበርን ጠዋት ወጥቶ፣ ዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት የሚባሉትን ዐለቶች አይቶ ማታ ይመለሳል። በባሕሩ ዳር ሄዶ በውስጥ መንገድ መመለስ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከኩርባው ብዛት የተነሳ ለመንዳት ብቻ ሰባት ስምንት ሰዓት ይበላል። ሹፌሩ ባሕሩን ሳያይ ይውላል፣ ሲመለስ ደግሞ ደክሞት በጨለማ ይነዳል።

ከዚህ የሚሻለው አፖሎ ቤይ ላይ ሁለት ሌሊት ማደር ነው። ወደ 1,800 ነዋሪ ያላት፣ ከኋላዋ አረንጓዴ ኮረብታ ከፊቷ ባሕር የሆነች ጸጥተኛ ከተማ ናት። ከመንገዱ መሐል አካባቢ ስለምትገኝም ወደ ምሥራቁም ወደ ምዕራቡም ለመሄድ ትመቻለች።

መቼ መሄድ ይሻላል

የዚያ አገር ወቅት ከእኛው ይለያል። በጋው ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ፣ ክረምቱ ከጁን እስከ ኦገስት ነው። ከገና ማግስት እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ማደሪያ ይጠፋል፤ የፈረንጆቹ ፋሲካም እንደዚያው ነው። ማርች፣ ኤፕሪል (ከፋሲካው ውጭ) እና ኖቬምበር ደህና ናቸው። ክረምቱ ይበርዳል፣ ይዘንባል፤ ግን መንገዱ ክፍት ነው ለማለት ይቻላል፣ ማዕበሉም የሚያምረው ያኔ ነው። በየትኛውም ወር ንፋስ የማያስገባ ጃኬት ያዙ። ንፋሱ ከደቡብ ውቅያኖስ በቀጥታ ስለሚመጣ ፀሐያማው ቀን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊገለበጥ ይችላል። የበጋው ፀሐይ ደግሞ ደመናማ ቀን ላይ እንኳ ቆዳ ያቃጥላል፤ ኮፍያ፣ በየሁለት ሰዓቱ የሚቀባ የፀሐይ ክሬም።

በበጋ ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 የተነሳ የደን ቃጠሎ በገና ዕለት በዚሁ መንገድ ላይ ዋይ ሪቨርና አጎራባቿ ላይ 116 ቤቶችን አውድሟል። ሞቃትና ነፋሻማ ቀን ከሆነ ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ቪክ ኢመርጀንሲ የተባለውን የመንግሥት መተግበሪያ ተመልከቱ። የቃጠሎ አደጋው ከፍተኛ ነው ከተባለ ከደኑ ራቁ። ለጫካው መንገድ አማራጭ መውጫ ስለማይበዛ፣ እስቲ እናያለን ብሎ መቆየት አይገባም።

መኪናውና ግራ መስመሩ

መሪው በቀኝ በኩል ነው፣ የሚነዳውም በግራ። የሚያስቸግረው መነሻው አይደለም፤ ከተማ ውስጥ የፊት መኪና መከተል ይበቃል። ስሕተቱ የሚመጣው ባሕር ለማየት ቆማችሁ ስትመለሱ ነው። መንገዱ ባዶ፣ ሐሳባችሁ ፎቶው ላይ፣ እጃችሁ ደግሞ በለመደው ወደ ቀኝ መስመር ይወስዳችኋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ማቆሚያ ሞተር ከመነሳቱ በፊት አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው "ግራ" ይበል። አስፋልቱ ላይ የተቀቡትን ቀስቶችም ተመልከቱ፣ የተሳሉት ለዚሁ ነው። አደባባይ ላይ ከቀኝ ለሚመጣው ቅድሚያ ይሰጣል።

መንጃ ፈቃዳችሁ በእንግሊዝኛ ካልተጻፈ ትርጉሙን ወይም ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ መያዝ ግዴታ ነው።

ኩርባ ላይ ቢጫ ሰሌዳ ቁጥር ይዞ ታያላችሁ። ያ ቁጥር የኩርባውን ተገቢ ፍጥነት የሚጠቁም እንጂ ሕጋዊ ወሰኑ አይደለም፤ ግን አክብሩት። ፍሬን የሚያዘው ኩርባው ውስጥ ሳይሆን ከመግባታችሁ በፊት ነው። ቁልቁለት ላይ አውቶማቲክ መኪናም ቢሆን ማርሹን ዝቅ አድርጉት፣ አለዚያ ፍሬኑ ይግላል። ከኋላችሁ መኪና ከተሰለፈ በየቦታው በተዘጋጁት ማሳለፊያዎች ወጣ ብላችሁ አሳልፉ። እዚያ አገር ይህ ትሕትና ብቻ አይደለም፤ የተናደደ ሹፌር ኩርባ ላይ ሊቀድም ሲሞክር ነው አደጋው የሚደርሰው። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ጠመዝማዛው ሊያቅለሸልሸው ስለሚችል ቀለል ያለ ቁርስ ይብላ፣ ስልኩን ያስቀምጥና ወደፊት ይመልከት።

ከሜልበርን እስከ አፖሎ ቤይ

ስልካችሁ ላይ "አፖሎ ቤይ" ብላችሁ ከጻፋችሁ ካርታው በአጭሩ የውስጥ መንገድ ይወስዳችሁና ባሕሩን ሳታዩ ትደርሳላችሁ። በቅደም ተከተል አስገቡ፦ መጀመሪያ ቶርኪ፣ ቀጥሎ ሎርን፣ ከዚያ አፖሎ ቤይ። ካርታውን ከቤት አውርዳችሁ ያዙ፤ ከከተሞቹ ውጭ ኔትወርክ ይቆራረጣል። ከሜልበርን አየር ማረፊያ የምትነሱ ከሆነ ደግሞ በዌስተርን ሪንግ ሮድ ውጡ፣ የመንገድ ክፍያ አይጠየቅበትም።

አቅጣጫው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሁን። በግራ ስለምትነዱ ባሕሩ በእናንተ በኩል ይሆናል፣ ማቆሚያዎቹም ከፊት የሚመጣ መኪና ሳታቋርጡ የምትገቡባቸው ናቸው።

ሜልበርን እስከ ቶርኪ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቶርኪ እስከ ሎርን 45፣ ሎርን እስከ አፖሎ ቤይ ሌላ 45 ነው። የመጨረሻው 45 አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ መንገዱ ከገደሉ ጋር ተጣብቆ የሚሄደው በዚህ ክፍል ነው፣ ከሁሉም የሚያምረውም እሱ ነው። ኤሪስ ኢንሌት ላይ እ.ኤ.አ. በ1891 የተሠራው ነጭ የመርከብ መብራት ማማ አለ። ሎርን ሳትደርሱ ኢስተርን ቪው ላይ የወታደሮቹን የመታሰቢያ ቅስት ታገኛላችሁ። ኬኔት ሪቨር ላይ ኮዋላ ለማየት የባሕር ዛፎቹን ቅርንጫፍ መጋጠሚያ ተመልከቱ፤ መኪናውን ግን መንገድ መሐል አታቁሙ፣ ወፎቹንም አትመግቡ። ኬፕ ፓተን ላይ ለፎቶ የሚቆምበት ሰፊ ቦታ አለ።

መኪና ለሌለው ሰው ከሜልበርኑ ሳውዘርን ክሮስ ጣቢያ እስከ ጂሎንግ ባቡር፣ ከጂሎንግ እስከ አፖሎ ቤይ አውቶቡስ ይሠራል። ሰዓቱ ጥቂት ስለሆነ ከወዲሁ ፈትሹ።

ከተማዋ ውስጥ

አፖሎ ቤይ ፊቷ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ፀሐይ የምትወጣው ከባሕሩ ላይ ነው። ለመጀመሪያው ጠዋት ይህ ብቻ ይበቃል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለው ማሪነርስ ሉክአውት አጭር ግን ዳገታማ ነው፣ ከላይ ወደቡና የባሕር ዳርቻው ሙሉ በሙሉ ይታያል። ወደ ምዕራብ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ማሬንጎ ላይ፣ ከባሕሩ ዳር ትንሽ ራቅ ብሎ በሚገኝ ዐለት ላይ የሚተኙ ሲል የሚባሉ የባሕር እንስሳት ታያላችሁ። ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር (ባይኖኩላር) ይጠቅማል።

ምግብ ቤቶች ማታ ቀድመው ይዘጋሉ፣ በክረምት የሥራ ቀናት ደግሞ ብዙዎቹ ጭራሽ አይከፍቱም። ወጥ ቤት ያለው ማደሪያ ተከራዩ። ጾም ላይ ከሆናችሁ ከሜልበርን ስትወጡ ፉትስክሬይ ካሉት የሐበሻ ሱቆች እንጀራና ሽሮ ያዙ፤ እንጀራው በጨርቅ ተጠቅልሎ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ከተቀመጠ ሁለት ቀን ደህና ይቆያል።

መዋኘት የሚፈልግ በቀይና ቢጫ ባንዲራዎች መሐል ብቻ ይግባ፤ ባንዲራ ከሌለ ጠባቂም የለም ማለት ነው። ሞገድ የማይሰበርበት፣ ጠቆር ብሎ ረጋ ያለ የሚመስል ውኃ አታላይ ነው። ወደ ውስጥ የሚስበው ጅረት እዚያ ነው። ከወሰዳችሁ ወደ ዳር ለመመለስ አትታገሉት፤ ተንሳፈፉ፣ እጅ አንሡ፣ ሲላላ ወደ ጎን ዋኙ። ድንገተኛ ስልክ 000 ነው።

ሐዋርያቱን ለማየት

ከአፖሎ ቤይ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰው የሚገርመው መንገዱ ከከተማዋ ወጥቶ ባሕሩን ትቶ ወደ ኦትዌይ ደን መውጣቱ ነው። አልጠፋችሁም፤ ላቨርስ ሂልን አልፎ ፕሪንስታውን አካባቢ ወደ ባሕሩ ይመለሳል። ነዳጅ አፖሎ ቤይ ላይ ሙሉ። 17 ኪሎ ሜትር ላይ ማይትስ ሬስት አለ፤ ፈርን በሚባል ጥንታዊ ተክልና በዛፍ ውስጥ የሚዞር 800 ሜትር የእንጨት መንገድ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ስጡት።

ሲነጋጋ ካንጋሮና ዋላቢ መንገድ ላይ ይወጣሉ፣ ስለዚህ ብርሃኑ በደንብ ከወጣ በኋላ ተነሱ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት (በፈረንጅ 9) አካባቢ ከደረሳችሁ የጉብኝት አውቶቡሶቹን ትቀድማላችሁ፤ እነሱ ከሜልበርን ስለሚነሱ የሚበዙት ከእኩለ ቀን በኋላ ነው። በዚህ ሰዓት ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ሆና በምዕራብ በኩል ያሉትን ዐለቶች ፊት ለፊት ታበራለች። ጀምበር ስትጠልቅ ግን ጥላቸው ብቻ ነው የሚታየው። ያም ውብ ነው፣ ነገር ግን በጨለማ በደኑ መመለስን ያስከትላል። ለዚያ የሚጓጓ ያን ሌሊት ፖርት ካምቤል ይደር።

ስማቸው ዐሥራ ሁለት ይበል እንጂ ዛሬ የቆሙት ስምንት ናቸው፤ አንዱ በጁላይ 2005 ተደርምሷል። ዐለቱ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ሞገዱ ከሥር እየበላው ይሄዳል። ትንሽ ወደ ምዕራብ ያለው ለንደን ብሪጅም በጃንዋሪ 1990 ከመሬት ጋር ያገናኘው የነበረው ቅስት ወድቆ ሁለት ጎብኚዎች ባሕር መሐል ቀሩ፣ በሄሊኮፕተር ነው የወጡት። አጥር ተሻግራችሁ ጫፍ ላይ አትቁሙ፤ የቆማችሁበት ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ያለ ፈቃድ ድሮን ማብረርም ክልክል ነው።

ሎክ አርድ ጎርጅን አትዝለሉ፣ ከሐዋርያቱ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይርቃል። በጁን 1878 ሎክ አርድ የተባለችው መርከብ እዚያ ተሰብራ ከ54 ተሳፋሪና መርከበኛ የተረፉት ሁለት ወጣቶች ብቻ ነበሩ። ወደ አሸዋው በደረጃ ስትወርዱ ግድግዳው ከሁለት በኩል ይከባችኋል፤ መውጣት ለምን እንደከበዳቸው ያኔ ይገባል።

ከሰዓት በኋላ ወደ አፖሎ ቤይ ስትመለሱ ኬፕ ኦትዌይን ማከል ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1848 የተለኮሰው የመብራት ማማ ከዋናው መንገድ 12 ኪሎ ሜትር ይገባል፣ መግቢያ ይከፈልበታል፣ ደግሞም ቀድሞ ይዘጋል። ከቀኑ 9 ሰዓት (በፈረንጅ 3) በኋላ ከሆነ ለሚቀጥለው ጉዞ ተዉት።

ሲመለሱ

በሦስተኛው ቀን በመጡበት መመለስ አያስፈልግም። ከስኬንስ ክሪክ በፎረስት አድርጎ ወደ ኮላክ የሚወጣው መንገድ ደኑን አቋርጦ ከፕሪንስስ ሀይዌይ ይገናኛል። መጀመሪያው ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፣ ከዝናብ በኋላ ቅጠልና የወደቀ ቅርንጫፍ ስለማይታጣ ቀስ በሉ። ከኮላክ ወዲህ ሰፊ አስፋልት ነው። የኪራይ መኪና ከያዛችሁ ጂሎንግ ላይ ነዳጅ ሙሉና ደረሰኙን አስቀምጡ፤ አየር ማረፊያው ሲቀርብ ማደያ ፍለጋ ስትዞሩ የመመለሻ ሰዓታችሁ እንዳያልፍ።