ለጓሮ ዓሣ ኩሬ ተክል ስትመርጡ
ጓሯችሁ ውስጥ አዲስ የዓሣ ኩሬ ቆፍራችሁ ከሆነ፣ በአበባው ተማርካችሁ እምቦጭ እንዳታስገቡ። ጣና ላይ ያደረገውን አይተናል። ቄጠማ ወይም የውሃ ሊሊ ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው አፈሩ ላይ ነው። ፍግና ብስባሽ የበዛበት አፈር ውሃውን አረንጓዴ ያደርገዋል። እኔ መጀመሪያ ላይ ኩሬዬን የጎመን ሾርባ አስመስዬው ነበር! ጭቃነት ያለው ተራ አፈር ሰፋ ያለ ሳፋ ውስጥ ጠቅጠቅ አድርጉ። የሊሊው ቅጠል የሚወጣበትን አናት ግን አትቅበሩት። ላዩን ሁለት ጣት ያህል የታጠበ ጠጠር አልብሱት፤ አለዚያ ዓሣዎቹ ይቆፍሩታል። ከመክተታችሁ በፊት ውሃ እስኪጠግብ አጠጡት፤ በደረቁ ከገባ አፈሩ ይበተናል።

ሊሊውን መጀመሪያ ጡቦች ላይ አስቀምጡት። ቅጠሉ ውሃው ላይ ሲዘረጋ አንድ አንድ ጡብ እያወጣችሁ ዝቅ አድርጉት። ቄጠማው ዳር ላይ ይበቃዋል።