መንገድ አልይዝ ያለች ቮልስ፦ ችግርና መፍትሄ

የጎማ ባላንስ፣ የላላ የቸርኬ ብሎን፣ የተበላ የቲራንቲ ቴስቲኒ (የመሪ ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ) አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። እነዚህን ሳያይ የሚመጣ ሰው ጊዜዬን ባያባክን ደስ ይለኛል። የምጽፈው እ.ኤ.አ. ከ1966 ሞዴል ወዲህ ስላሉት፣ ፊታቸው ቦል ጆይንት (ጎማው የሚዞርበት ሉል መገጣጠሚያ)፣ ኋላቸው ስዊንግ አክስል (ከነጎማው ከፍና ዝቅ የሚል የኋላ አክስል) ስለሆነው ነው።

ምልክት፦ ቀጥታ መንገድ ላይ ትቅበዘበዛለች፣ አይሱዙ ሲያልፋት ትገፋለች

ከማዞሪያ ስትወጡ መሪው በራሱ አይመለስም። እጃችሁ ካልመለሰው እዚያው ይቀራል። ይሄ ካለ ካስተሯ (የፊት ጎማው የሚዞርበት መስመር አናቱ ወደ ኋላ የማዘንበል ልክ) ጠፍቷል፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ ለማማር ተብሎ ፊቷ ብቻ ዝቅ ተደርጓል። አፍንጫዋ ሲደፋ የፊት አክስሉ አብሮ ወደ ፊት ይጋደማል፣ ፋብሪካው የሰጣት 3 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ካስተርም ይመናመናል። መሪውን ወደ መሃል የሚመልሰው እሱ ነበር።

አንድ ልጅ ቮልሱን ይዞ መጣ። የመሪ ሳጥን ቀይሯል፣ ቲራንቲ ቀይሯል፣ የመሪውን ሾክ ሁለቴ ቀይሯል። ቀለሟ እንደ መስታወት ያበራል። ክሪክ እንኳ ሳላስገባ ከጎን ቆሜ ሳያት የበሩ ሥር መረገጫ ወደ ፊት ተደፍቶ ቁልቁለት ሆኗል። አውጥቶ የጣላቸው ዕቃዎች ሁሉ ደህና ነበሩ፤ የገዛቸው ደግሞ ጎማ ሽፋናቸው ከወራት በኋላ የሚሰነጠቅ ርካሽ ቅጂዎች። የመሪ ሾክ መንቀጥቀጥን ይሸፍናል እንጂ አያድንም፤ ይሄን ስንቴ እንደተናገርኩ!

መፍትሄው ከፊት አክስሉ ሁለት ቱቦዎች በታችኛውና በሻንሲው ራስ መካከል የካስተር ሺም (በልክ የተሠራ የብረት መደገፊያ) ማስገባት ነው። የታችኛውን ቱቦ ወደ ፊት ይገፋል፣ ካስተሩም ይመለሳል። ግራና ቀኝ እኩል ውፍረት ይሁን። ሮንዴላ ደርድሮ ሺም ነው የሚል መካኒክ ካገኛችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ደግሞ ሺም ሲገባ የታችኞቹ ብሎኖች ረዘም ባሉ መተካት አለባቸው። የድሮው አጭር ብሎን ተመልሶ የታሰረባት መኪና ስፈታ ጥርሱ የያዘው ሁለት ሦስት ዙር ብቻ ነበር። መላውን የፊት አክስል የያዘ ብሎን እኮ ነው! ከዚያ በኋላ ቶ-ኢን (የፊት ጎማዎቹ ፊታቸው ወደ ውስጥ የመቀራረብ ልክ) እንደገና ይለካ።

ዝቅ ማድረግ የግድ ከሆነባችሁ ዝቅ ያለ ስፒንድል (ጎማው የሚታሰርበት ዘንግ) ግዙ፤ ስፒንድሉን ከቱቦዎቹ ጋር የሚያያይዙት እጆች በነበሩበት አንግል ይቆያሉ። በቱቦው ውስጥ ተደርድረው የታሰሩትን፣ እየተጠማዘዙ እንደ ስፕሪንግ የሚሠሩትን የቶርሽን ቅጠሎች ቆርጦ መቀነስ ግን መኪናዋን ያለ ስፕሪንግ መተው ነው። የአዲስ አበባን የፍጥነት መግቻ ታውቃላችሁ፤ በመጀመሪያው ላይ ሾኩ ታች ድረስ ተጨምቆ ይመታል፣ ቦል ጆይንቱም መጨረሻው ድረስ ታጥፎ ይጣበቃል። የተጣበቀ ቦል ጆይንት ይሰበራል።

ያው ምልክት፣ ሌላ ምክንያት፦ ጎሚስታው። አራቱንም ጎማ 32 ሞልቶ ይሸኛችኋል። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፣ ፊቷ ቀላል ነው። ከፊት 16 እስከ 18፣ ከኋላ 24 እስከ 27 ፒኤስአይ በቂዋ ነው። ቁጥሩን ስትነግሩት ይስቅባችኋል። ይሳቅ፣ እናንተ ግን ጌጁን ራሳችሁ እዩ።

የመሪ ሳጥኑ ክፍተት የሚስተካከለው መሪው ልክ መሃል ላይ ሆኖ ብቻ ነው። ተጠምዝዞ ሳለ ካጠበቃችሁት መሃል ሲደርስ ይነክሳል።

ምልክት፦ መታጠፊያ ላይ እግር ከነዳጅ ፔዳል ሲነሳ ኋላዋ ተነስታ ትወረወራለች

የስዊንግ አክስል ጠባይ ነው። አባይ በረሃን ስትወርዱ መታጠፊያ መሃል እግራችሁን ድንገት ካነሳችሁ ኋላዋ ከፍ ይላል፣ ጎማዎቹ ከሥር ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። ጭነት እንዲችል ብሎ ኋላዋን ከፍ ያስደረገ ሰው ራሱን አደጋ ላይ ጥሏል። መፍትሄው ኋላዋን ዝቅ አድርጎ ጎማዎቹን በጥቂቱ ኔጌቲቭ ካምበር ላይ (አናታቸው ወደ ውስጥ ያዘነበለ) ማቆም ነው። የቶርሽን ባሩ (የኋላ ስፕሪንግ የሆነው ተጠማዛዥ ዘንግ) የውስጥ ጥርስ 40፣ የውጭው 44 ነው፤ አንዱን ወደዚህ አንዱን ወደዚያ በአንድ ጥርስ ብታዞሩ ልዩነቱ 50 ደቂቃ (ከአንድ ዲግሪ ትንሽ ያነሰ) ያህል ይሆናል። በጥንቃቄ! ስፕሪንግ ፕሌቱ (አክስሉን ከቶርሽን ባሩ ጋር የሚያያይዘው ብረት) ከማረፊያው ሲወጣ እንደተወጠረ ነው፤ ፊት ለፊቱ እግር፣ እጅ፣ ራስ አይኑር። በክሪክ ወይም በሰንሰለት ያዙት እንጂ በመፈንቀያ ብቻ አትነካኩት።

ከክሪክ እንደወረደች አላይመንት የሚለካ ሰው አትመኑ። ጎማዎቹ ገና ተጣጥፈው ነው ያሉት፤ ገፋ ገፋ አድርጓት፣ ኋላዋንም ተጫኗት፣ ከዚያ ይለካ።

ለውድድር ሜዳ

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1963 የተጀመረው ፎርሙላ ቪ (በቮልስ ዕቃ የሚሠሩ የውድድር መኪኖች) ከ1966 በፊት የነበረውን፣ ቦል ጆይንት የሌለውን የቮልስ የፊት አክስል ይጠቀማል፤ የፖርሽ 356ም መሠረት ያው ነው። እዚያ ኋላው ብዙ ኔጌቲቭ ካምበር ይሰጠዋል፣ መጋደልን የሚቃወመው ጉልበት ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከፊት ይመጣል። የከተማ መኪና ላይ ይሄን ካደረጋችሁ የኋላ ጎማችሁ ውስጡ ያልቃል። ከፊት ወፍራም ስዌይ ባር (መጋደልን የሚገታ ዘንግ)፣ ከኋላ ካምበር ኮምፔንሴተር (የኋላ ጎማዎቹ ከሥር እንዳይታጠፉ የሚገታ ስፕሪንግ) በቂ ነው። ከኋላ ስዌይ ባር አትጨምሩ፤ መወርወሩን ያባብሳል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥም፦ የፊት ጎማ ኩሽኔታ ከልክ በላይ ተጠብቆ ይቃጠላል፤ ጥቂት ክፍተት ይኑረው። የግራው የፊት ዳዶ ጥርሱ ግራ ዙር ነው፤ ሳያውቁ ቁልፍ ላይ ቱቦ ጨምረው የሚጎትቱ ሰዎች የስፒንድሉን ጥርስ ይበሉታል፣ የኪሎ ሜትር ገመድም የሚያልፈው በዚያው ስፒንድል ውስጥ ነው።