ዲኤንኤስ በስክሪፕት ሲቀየር የሚደጋገሙ ስህተቶች

የሊኑክስ ሰርቨርን ዲኤንኤስ (ስሞችን ወደ አይፒ አድራሻ የሚፈታውን አገልግሎት) የሚቀይረው ስክሪፕት አምስት መስመር ነው፤ ሲሞከር ይሠራል፤ ሰርቨሩ ሪስታርት ሲደረግ ግን አሮጌው ዲኤንኤስ ተመልሶ ይገኛል። ምክንያቱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል አንድ ነው፦ ስክሪፕቱ በቀጥታ ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ ላይ፣ ማለትም የኔምሰርቨሮች (ስም ፈቺ ሰርቨሮች) አድራሻ በተዘረዘረበት ፋይል ላይ ይጽፋል። እባካችሁ ይህን ተዉት። በዛሬዎቹ ሊኑክሶች ላይ ፋይሉ ባለቤት አለው፤ ስም የሚፈታው ሲስተምዲ ሪዞልቭድ፣ ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ኔትወርክ ማናጀር ወይም አድራሻ ከኔትወርኩ የሚቀበለው የዲኤችሲፒ ክላየንት። ባለቤቱ ተራው ሲደርስ የራሱን ይጽፋል፣ የእናንተን ያጠፋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ፋይሉ ተራ ፋይል ይሁን ሊንክ እዩ። ስተብ ሪዞልቭ ወደሚባለው ፋይል የሚያመለክት ሊንክ ከሆነና ውስጡ 127.0.0.53 ካለ ባለቤቱ ሪዞልቭድ ነው፤ ለውጡም በሪዞልቭድ ወይም በኔትፕላን (የኡቡንቱ የኔትወርክ ማዋቀሪያ) ኮንፊግ በኩል ይሁን። ኔትወርክ ማናጀር ከሆነ በኤንኤምሲኤልአይ (በራሱ ትእዛዝ) ቀይሩ፤ ከዲኤችሲፒ የሚመጣውን ዲኤንኤስ ችላ እንዲል ካላዘዛችሁት ግን አሮጌው ከአዲሱ ጎን ይቀመጣል። ኔትፕላንን በእጅ ስትሞክሩ ትራይ የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ፤ በ120 ሰከንድ ውስጥ ካላጸደቃችሁት ወደነበረበት ይመልሰዋል።

ፋይሉን በቻትር፣ ማለትም ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ዩዘር) እንኳ እንዳይጽፍበት በሚያደርገው ትእዛዝ፣ መቆለፍ መፍትሔ አይደለም። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ሩት ሆኖ ሳለ ለምን መጻፍ እንዳቃተው ሲፈልግ ይውላል።

ባለቤት የሌለው ተራ ፋይል ከሆነ በስክሪፕት መጻፉ ነውር የለውም። እዚህም ግን ወጥመድ አለ። ጠንቃቃ ጸሐፊ በኤምኬቴምፕ ጊዜያዊ ፋይል ይፈጥርና ጽፎ ሲጨርስ በኤምቪ (ፋይል በሚያዛውረው ትእዛዝ) በቦታው ያስገባዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ኤምኬቴምፕ የሚፈጥረው ፋይል ፈቃድ ግን 600 ነው፣ ከሩት በቀር ማንም አያነበውም። ሩት ሆናችሁ ስትፈትሹ ሁሉም ይሠራል፤ በሌላ ዩዘር የሚሮጠው አፕሊኬሽን ግን አንድም ስም አያገኝም። ከኤምቪ በፊት ፈቃዱን 644 (ሁሉም የሚያነበው) አድርጉ።

በእጥፍ ቀስት (>>) ፋይሉ መጨረሻ ላይ መስመር መጨመርም ሌላው ችግር ነው። ስክሪፕቱ በሮጠ ቁጥር መስመር ይደራረባል፤ ጂሊብሲ (ፕሮግራሞች ስም የሚፈቱበት የሊኑክስ ላይብረሪ) ግን የሚያነበው የመጀመሪያዎቹን 3 ኔምሰርቨሮች ብቻ ነው። አዲሱ አራተኛ ላይ ካረፈ የለም ማለት ነው። ሁሌም ሙሉውን ፋይል እንደ አዲስ ጻፉ።

ከሱዶ ኢኮ (በሩት ሥልጣን ጽሑፍ ከሚያወጣው ትእዛዝ) ቀጥሎ ቀስት አይሠራም፤ ፋይሉን የሚከፍተው በእናንተ ሥልጣን የሚሮጠው ሼሉ እንጂ ሱዶ አይደለም፣ ቲ የሚባለውን ትእዛዝ ከሱዶ ጋር ተጠቀሙ።

የውስጥ ኔምሰርቨርና 8.8.8.8ን (የጎግልን ክፍት ኔምሰርቨር) "ለመጠባበቂያ" ብሎ መደርደር ደግሞ ለመፈለግ የሚያስቸግር ብልሽት ያመጣል። ሁለተኛው የሚጠየቀው የመጀመሪያው ዝም ሲል ነው፤ "እንዲህ ያለ ስም የለም" ብሎ ከመለሰ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። የውስጡ ለ5 ሰከንድ ዝም ሲል ጥያቄው ወደ ውጭው ይሄዳል፤ ውጭው የውስጥ ስሞቻችሁን አያውቅምና የለም ይላል። አፕሊኬሽኑ አንዴ እየሠራ አንዴ እየወደቀ ያስቸግራችኋል። መጠባበቂያ ከፈለጋችሁ ሁለተኛ የውስጥ ኔምሰርቨር አቁሙ።

ከለውጡ በፊት አዲሱን አድራሻ በዲግ (ኔምሰርቨርን በሚጠይቀው ትእዛዝ) በቀጥታ ጠይቁት፤ ካልመለሰ ስክሪፕቱ ምንም ሳይነካ ይውጣ። የዲኤንኤስን ፖርት 53 በዩዲፒም በቲሲፒም ፈትሹ፤ ፋየርዎሉ ዩዲፒን ብቻ ከከፈተ ትልልቅ መልሶች ላይ ይሰናከላል። ከለውጡ በኋላ ግን ዲግ አይበቃም፤ ስሞች በእጅ የሚጻፉበትን የሆስትስ ፋይልንም የፍለጋውን ቅደም ተከተል የሚወስነውን ኤንኤስስዊችንም አያይም። እነዚህንም የሚያየውን ጌትኤንት ሆስትስን፣ ያውም በአፕሊኬሽኑ ዩዘር ሆናችሁ አስኪዱ።

ቀድሞ እየሮጡ ያሉ ፕሮግራሞችንም አትርሱ። ከስሪት 2.26 በፊት ያለ ጂሊብሲ የተቀየረውን ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ ራሱ መልሶ አያነብም፤ ጃቫ መልሶችን በራሱ ካሽ (ጊዜያዊ ማከማቻ) ይይዛል፤ ዌብ ሰርቨሩ ኢንጂንኤክስም ጥያቄ በሚያስተላልፍበት በፕሮክሲ ፓስ መስመር ላይ በቋሚነት የተጻፈን ስም የሚፈታው ኮንፊጉን ሲጭን ነው። ስክሪፕቱ መጨረሻ ላይ እነዚህን ሪሎድ ወይም ሪስታርት ያድርግ፤ አሮጌውን ኔምሰርቨር የምታጠፉት ከዚያ በኋላ ነው።