ሁለት ሶፕራኖ ሳክስፎን ያለ ኖታ ሲነጋገሩ እንዴት እናድምጥ?

ከበሮ፣ ቤዝና ፒያኖ በሌሉበት፣ ሁለት የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች ታዳሚ ፊት ቆመው የተጻፈ ኖታም ሆነ የተጠና ዜማ ሳይዙ የሚጫወቱት ፍሪ ጃዝ በመጀመሪያ ሲሰማ ጆሮ የሚይዘው ነገር ያጣል። ምቱን ቆጥሮ የሚሰጠን የለም፤ አብረን የምናንጎራጉረው አዝማችም አይመጣም። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ሙከራዬ ከሦስተኛው ደቂቃ አላለፍሁም፤ ኋላ ግን ሁለቱ ትንፋሾች እርስ በርስ የሚያደርጉትን መከታተል ስጀምር ሙዚቃው ተከፈተልኝ። ለዚህ መመሪያ ምሳሌ የመረጥሁት አሜሪካዊው ስቲቭ ሌሲና እንግሊዛዊው ኢቫን ፓርከር እ.ኤ.አ. በጁላይ 1985 በርሊን ውስጥ፣ ሁለቱም ሶፕራኖ ሳክስፎን (ቀጭንና ከፍ ያለ ድምፅ ያለውን የሳክስፎን ዓይነት) ይዘው የተጫወቱትንና ኤፍ ኤም ፒ የተባለው የዚያው ከተማ አሳታሚ «ቺርፕስ» ብሎ ያወጣውን አልበም ነው። ቃሉ የወፎችን ጫጫታ የሚያመለክት ሲሆን፣ አልበሙን የሰማ ሰው ስያሜው ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል።

በስልክ ድምፅ ማጉያ አያድምጡት። ሁለቱ መሣሪያዎች አንድ ዓይነት ስለሆኑ ድምፃቸው ከአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ ይደባለቃል፤ በደህና ኢርፎን ወይም ተራርቀው በተቀመጡ ሁለት ስፒከሮች ግን አንዱን ከሌላው መለየት ይቀላል። ሶፕራኖ ከፍ ባለው ድምፁ በድንገት ጆሮ ሊወጋ ስለሚችል ከለመዱት መጠን ዝቅ አድርገው ይጀምሩ።

ከማድመጥዎ በፊት የሁለቱን ሰዎች ጠባይ ማወቅ ብዙ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1934 ኒው ዮርክ የተወለደው ሌሲ፣ ሌሎች ሳክስፎን ተጫዋቾች ሶፕራኖን እንደ ተደራቢ መሣሪያ በሚይዙበት ዘመን ሕይወቱን በሙሉ ለእርሱ የሰጠ ሰው ነው። ጥቂት ድምፆችን ይመርጣል፣ ያገላብጣቸዋል፣ ይደግማቸዋል፣ ከዚያም ዝም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1944 ብሪስቶል የተወለደው ፓርከር በአንጻሩ የታወቀው ሳይቋረጥ በሚፈስ ድምፅ ነው። ይህን የሚያደርገው ጉንጩ ውስጥ ያጠራቀመውን አየር ወደ መሣሪያው እየገፋ በዚያችው ቅጽበት በአፍንጫው አየር በመሳብ ነው። የአንጥረኛ ወናፍ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ወናፉን የሚነፋው ሰው አንዱን አቁማዳ ሲጫን ሌላውን ስለሚከፍት እሳቱ ነፋስ አይቋረጥበትም። የፓርከር ጉንጭና ሳንባም እንዲሁ ይፈራረቃሉ።

የመጀመሪያውን ማድመጥ ሰባት ስምንት ደቂቃ ላይ ይወስኑት፤ ማን ማን እንደሆነ ለመለየትም አይጨነቁ። በሁለተኛው ዙር ወደ መጀመሪያው ይመለሱና አንዱን ብቻ ይከተሉ። ዐረፍ እያለ በአጭር በአጭሩ የሚናገረው ሌሲ ነው ብለው ይጀምሩ፤ ሆኖም ፓርከር በዚህ አልበም ያንን ጎርፉን ገታ አድርጎ ወደ ጓደኛው አጭር አነጋገር ስለሚጠጋ ዱካው የሚጠፋበት ጊዜ ይኖራል። ሲጠፋብዎት ቅጂውን አያቁሙት። ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን አንደበት የተዋሰበት ቦታ ስለሆነ፣ በእኔ ግምት የአልበሙ ትልቁ ሀብት እዚያ ይገኛል።

ሦስተኛው ዙር ለምላሻቸው ይሁን። አንዱ ሐረግ ሲጥል ሌላው ያነሣዋል ወይስ ይቃወመዋል? እንዳልሰማ ሆኖ የራሱን ይቀጥላል ወይስ ቦታውን ለቆለት ዝም ይላል? እርሳስ ይዘው ለእያንዳንዱ ምላሽ በወረቀት ላይ ምልክት ቢያደርጉ፣ ዝምታ ምን ያህል ጊዜ እንደ መልስ እንደሚያገለግል ሲያዩ ይገረማሉ።

ሁለቱ ወደ አንድ ድምፅ በጣም ሲቀራረቡ በተለይ ልብ ብለው ያድምጡ። አንደኛው በሴኮንድ 880 ጊዜ፣ ሌላኛው 884 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ቢያወጡ፣ ጆሯችን በሴኮንድ 4 ጊዜ ከፍና ዝቅ የሚል ርግብግብታ ይሰማል። ይህን ርግብግብታ ማንኛቸውም ለብቻቸው አይጫወቱትም፤ ከመሐላቸው የሚወለድ ነው። ከንፈሩን ትንሽ ጠበቅ ያደረገው ሰው ልዩነቱን ሲያሰፋው ርግብግብታው ይፈጥናል፣ ሲያጠበው ይዘገያል። አንድ ጊዜ ከያዙት በኋላ ሌሎቹ ጥቃቅን ነገሮችም ይከተላሉ፤ ለምሳሌ ሐረግ ከመጀመሩ በፊት የሚሳበው አየር፣ የመሣሪያው ክዳኖች ቀዳዳዎቹን ሲዘጉ የምትሰማው ትንሽ ቧ የምትል ድምፅ፣ ከአፍ መያዣው ጋር የታሰረችው ስስ የሸምበቆ ምላስ በምራቅ ረጥባ ስትንሿሿ።

ይህ ሁሉ ባዕድ ሆኖ ከተሰማዎት አስቀድመው ወደ ኢትዮጵያዊው ሳክስፎን ተጫዋች ጌታቸው መኩሪያ ይሂዱ። ጌታቸው የፍሪ ጃዝ ተማሪ አልነበረም፤ የተነሣው ከሽለላና ከፉከራ ሲሆን የሸላዩን ጉሮሮ ከሶፕራኖ ወፈር ያለ ድምፅ ባለው ቴነር ሳክስፎን ውስጥ አስገብቶታል። ያም ሆኖ በነፃነት የሚጫወቱት አውሮፓውያን ወዲያው ተግባቡት፤ ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ ባንድ ጋብዞት እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አብረው አወጡ። የእርሱን ሽለላ ሲያደምጡ አጃቢውን ባንድ ለጊዜው ይተዉና፣ አንድ ስንኝ በአንድ ትንፋሽ ተወርውሮ በመጨረሻው ድምፅ ላይ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ይከታተሉ። ያንን ጆሮ ይዘው ወደ በርሊኑ ቅጂ ይመለሱ። ልዩነቱን ግን አይርሱ፤ ሸላዩ የሚቆምበት የታወቀ ቅኝት ከእግሩ ሥር አለ፣ ሁለቱ ሶፕራኖዎች ግን የሚቆሙበትን መሬት እየተጫወቱ ያበጃሉ።

በመጨረሻ የእያንዳንዱን ቁራጭ ማብቂያ ለብቻው ያድምጡ። ቁራጩ ሊያልቅ ግማሽ ደቂቃ ሲቀረው ወደሚገኘው ቦታ ይመለሱ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ምልክት የሚሰጥ መሪ በሌለበት ማን ቀድሞ እንደለቀቀና ማን የመጨረሻዋን ድምፅ ይዞ እንደቀረ እስኪለዩ ድረስ ይደጋግሙት።