«ራይት» ሲሏችሁ ወዴት ነው የምትታጠፉት?

እንግሊዝኛ ስትለማመዱ «ራይት» የምትለዋን ቃል በአንድ ትርጉም ብቻ አትያዟት። ብልሃቱ ጎረቤቶቿን ማየት ነው። «ተርን» ከቀደማት ቀኝ ናት፤ «ዘ ራይት አንሰር» ካሉ ትክክለኛው መልስ፤ «ሂዩማን ራይትስ» ሲሆን ደግሞ መብት። ከ«ናው» ፊት ስትመጣ «አሁኑኑ» ትሆናለች። ንግግራቸውን ጨርሰው ድምፃቸውን ከፍ በማድረግ «ራይት?» ካሏችሁ «አይደል?» ማለታቸው ነውና «የስ» ብላችሁ እለፉ።

እኔን ጉድ የሠራችኝ መኪና ውስጥ ነው። ሹፌሩ «ሌፍት?»፣ ማለትም «ወደ ግራ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ልክ ነህ» ልለው ፈልጌ «ራይት» አልኩት፣ እሱም ምን ያድርግ፣ ወደ ቀኝ ታጠፈ! እንዲህ ሲያጋጥም «ኮሬክት» በሉ። ስትጽፉ ደግሞ መጻፍ ከሚለው «ራይት» ለዩዋት፤ ድምፃቸው አንድ ነው፣ ያኛው ግን በማይነበብ ደብልዩ ይጀምራል።